ሳነቴ ላይ የቀረው ሞተር

የተቃጠለ ዘይት ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያ መግቢያ ላይ አንድ ጎረምሳ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ቆሞ ነበር። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይትጎለጎላል፣ ካቴናው ልብስ የተሰጣበት ገመድ ይመስል ረግቧል። መቀመጫው ግን ቀይ ከፋይ ለብሷል፤ መሪው ላይም የፕላስቲክ አበባ ታስሮበታል። ልጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን እየነካካ ያፏጫል። አላስችል አለኝና ጠጋ ብዬ፣ "ወንድሜ፣ ሞተርህ እኮ ዘይት እየበላ ነው" አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "እማማ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ትቼው አለፍኩ። እንዲህ ዓይነቱን ፍጥረት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያስተዋወቀኝም የእህቴ ባል ነው።

ስለ እሱ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ሞተሩ የአባቴ ነበርና። አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። የመድኃኒቱን ሳጥን ከኋላው አስሮ በጎሮና በብድሬ በኩል ያሉትን መንደሮች ሲያዳርስ ዕድሜው አለቀ። ሞተሩ የመንግሥት አልነበረም፤ ራሱ የገዛው ነው። ስለዚህ ከእኛ ከሁለቱ ሴት ልጆቹ እኩል ይሳሳለት ነበር፤ እናቴን ብትጠይቋት ከእኛም አስበልጦ ትላችኋለች።

እሁድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት በኩል ጆንያ ይነጠፋል። ሞተሩ መጀመሪያ ተነስቶ ጥቂት ይሞቃል፤ የቀዘቀዘ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ አይወርድም። ከዚያ ከሥሩ ያለው ብሎን ይፈታና ዘይቱ ጎኑ በተቀደደ ጄሪካን ውስጥ ይንዠቀዠቃል። አባቴ ጣቱን ነክሮ በአውራ ጣቱ ያሸዋል። አሸዋ አሸዋ ካለው የሞተሩ ሆድ ዕቃ እየተበላ ነው ማለት ነው። ካቴናው በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፣ ይደርቃል፣ አዲስ ዘይት ይቀባል። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በሳሙና ታጥቦ ከልብሳችን ጎን ገመድ ላይ ይሰጣል፤ የስንዴ አጨዳ ሰሞን አቧራው ስለሚብስ በየሳምንቱ ይታጠብ ነበር። መጨረሻ ላይ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይፈታል፤ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል።

"ቀለሙን እዪ" ይለኝ ነበር አባቴ። "የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው። ጥላሸት ከመሰለ ግን ሞተሩ ታፍኗል፤ አየር አጥሮታል።"

እህቴ እነዚያን እሁዶች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን በመሥራት ነበር የምታሳልፋቸው። የነጭ ጋዝ ሽታ ራሷን ያማት ነበር። እኔ ግን ሽታውን ወደድኩት። የአባቴ ዓይን ሲደክም መፍታቱም መግጠሙም ወደ እኔ ዞረ፤ የእሱ ሥራ መቆጣት ብቻ ሆነ። ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴ የታጨደበት ሜዳ ላይ ወስዶም መንዳት አስተማረኝ፤ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ ግን አይፈቅድልኝም ነበር።

ሰውን ይንቅ ነበር አባቴ። ዝም ብሎ አይደለም፣ በምክንያት ይንቅ ነበር። ባለ ሞተር እንግዳ ግቢያችን ሲገባ የሰውየውን ፊት ከማየቱ በፊት ካቴናውን ያያል። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሊጠይቀው መጥቶ ገና ወንበር ሳይሳብለት፣ "ጌታዬ፣ በዚህ ጎማ ነው ልጆችዎን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት?" ብሎት እናቴን በኀፍረት ጓዳ አስገብቷታል። ንቀት የሚወረስ ነገር ከሆነ እኔ ከእሱ ወርሻለሁ፤ ድርሻዬንም በአግባቡ ነው የተጠቀምኩበት።

አባቴ ክረምት ላይ ሞተ። እህቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አግብታ ነበር፤ ስለዚህ ሐዘኑ ገና ሳይወጣ የሞተሩ ነገር ተነሳ። እናቴ፣ "ወንድ በሌለበት ቤት ሞተር ይዝጋል። አማች ማለት ልጅ ነው፣ እሱ ይውሰደው" አለች። እኔ እነዳዋለሁ ብል ሰውም ይስቃል፣ እሷም ታለቅሳለች። እህቴ ባሏ ደስ ይበለው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ባልየው ጎባ ተወልዶ ያደገ ነው። ከሃረና ጫካ ማርና የዱር ቡና ገዝቶ ጎባ ያወጣል፤ ለዚህ ሲል ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ ጫካው ከሚጀምርበት አካባቢ ባለች መንደር ቤት ተከራይቶ እህቴን እዚያ አስቀምጧታል። ነጋዴ ነኝ ይል ነበር። ሲነግድ ግን አይታይም፣ ስለ ንግድ ሲያወራ እንጂ። በፀሐይም በብርድም የማያወልቀው ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረው፤ ሲራመድ ይንቋቋል። ጋሼ እንድለው ይፈልግ ነበር። አንድም ቀን አላልኩትም።

ሞተሩን ሊወስድ የመጣ ዕለት የአባቴን የመፍቻ ጥቅል አውጥቼ ሰጠሁት። በወፍራም ሸራ የተጠቀለሉ መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብርጭቆ ወረቀት ነበሩበት። በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሰጠኝ።

"መፍቻ? አንቺ ልጅ፣ እኔ መካኒክ መሰልኩሽ?"

"እሺ ዘይቱንስ መቼ መቼ ትቀይረዋለህ?"

"ዘይት ካላለቀ ለምን ይቀየራል?" አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህን የተናገረ ሰው እህቴን ያገባ ሰው ነው። ይህን የተናገረ ሰው የአባቴ ሞተር ላይ ጉብ ብሎ፣ እናቴ እየመረቀችው፣ ከግቢያችን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሮቤ በመጣ ቁጥር ሞተሩ እየሰከረ መጣ። መጀመሪያ መቀመጫው ነብርማ ጨርቅ ለበሰ። ቀጥሎ መሪው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከጎኑ ሙዚቃ የሚያስጮህ ሳጥን፣ ከሥሩ አረንጓዴና ሐምራዊ የሚበራ መብራት ተገጠመለት። የጭስ ማውጫውን ሆድ ዕቃ ደግሞ አስወጣው፤ ገና ከጎባ መገንጠያ ሳለ እንድንሰማው። ጠዋት ጠዋት በሳሙና አረፋ ያጥበዋል፣ ጎማውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ያብሰዋል። በውኃው ካቴናው ዝጎ ቢጮህ ሙዚቃውን ከፍ ያደርገዋል። ጎንበስ ብዬ ለማየት ስሞክር፣ "እጅሽን! ቀለሙን ትጭሪብኛለሽ!" ይለኛል።

ለእህቴ ስልክ ደውዬ፣ "እቴቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሞተሩን እየገደለው ነው" አልኳት።

"ተይው አቦ፣ ደስ ይበለው" አለችኝ። ድምፅዋ እየሳቀ ነበር።

ዓመት ከምናምን እንዲህ ካለፈ በኋላ ባልየው ሮቤ ብቻውን መጣ። እህቴ ታይፎይድ ይዟታል፤ እዚያ ያለው ጤና ኬላ መድኃኒቱ የለውም፤ አስታማሚም ያስፈልጋታል አለ። በስልክ ላናግራት ብል ከሁለት ቃል በላይ አልቻለችም። እናቴ እያለቀሰች የታዘዘውን መድኃኒት ገዛች። እኔ መድኃኒቱን፣ ቅያሪ ልብስና ጋቢ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። የአባቴን የመፍቻ ጥቅልም ጨመርኩ።

"ለበሽተኛ ብረት ምን ይሠራል?" አለች እናቴ።

"ለበሽተኛዋ አይደለም" አልኳት።

በነጋታው ጠዋት ልንሄድ ስንል፣ "ሞተሩ ሳነቴን ይወጣል? አይተኸዋል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ትናንት ነው ያጠብኩት!" አለኝ ተቆጥቶ።

እስከ ጎባ ደህና ነበርን። ከጎባ በላይ ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ማቃሰት ያዘ። የጽድና የኮሶ ዛፎች እያነሱ፣ ብርዱ በጉልበቴ እየገባ ሄደ። ሳነቴ አናት ላይ ስንወጣ ዛፍ የሚባል ነገር አለቀ፤ ብርማ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፣ ግን አያሞቅም። ሰማዩ ከሩቅ አልነበረም፤ ትከሻችን ላይ ነበር። ሞተሩ አንድ ሁለቴ ሳለ፣ ከኋላችን እንደ ከሰል የጠቆረ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ሞተ።

ያኔ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ማስነሻውን ረገጠ፣ ረገጠ፣ ረገጠ። የቤንዚን ታንኩን በጥፊ መታው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ፤ ቤንዚን ነበረው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ "ክብደትሽ ነው" አለኝ። ያኔ እንደ ሸንበቆ ነበርኩ።

"ካንዴላው ጠቁሮ ነው" አልኩት። "መፍቻ ይዣለሁ፣ ልየው።"

"አንቺ አትንኪው! የአባትሽ ሞተር ድሮም ሬሳ ነው፣ እኔ ነኝ አስጊጬ የማቆየው።"

ይህን ሲል አንድ አይሱዙ ከጎባ በኩል እያጓራ መጣ። በላዩ የተጫነው የቢራ ሣጥን እስከ ሰማይ ተደርድሯል። መኪና ማስቆም የፈለገ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ የእኛው ግን መንገዱ መሃል ገብቶ እጆቹን ዘረጋ። ሾፌሩ ቆመ። ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሴቶች ሕፃን ይዘው ተቀምጠዋል።

"አንድ ሰው ነው የማጠጋጋው" አለ ሾፌሩ። ከዚያ እኔን አየና፣ "እንተላዋን ልውሰዳት፣ ብርድ ነው" አለ፤ ልጅቷን ማለቱ ነው።

የእህቴ ባል እጁን የበሩ እጀታ ላይ አድርጎ ነበር። "አይ፣ እሷ ሞተሩን ትጠብቃለች" አለ። "እኔ ሄጄ መካኒክ ማምጣት አለብኝ።"

በሄደበት አቅጣጫ ጫካ እንጂ መካኒክ አልነበረም። ይህን እሱም፣ ሾፌሩም፣ እኔም እናውቃለን። ሾፌሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት ባልየው ገብቶ በሩን ዘግቷል። እኔ ያን ጊዜ የታወሰኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከረጢቱን ከፍ አድርጌ፣ "መድኃኒቱ! መድኃኒቱን ውሰድላት!" እያልኩ ከመኪናው ኋላ ሮጥኩ። በመስኮቱ እጁን አወጣ። የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር። እያውለበለበ ተሰናበተኝ።

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ጉም ከጅብራዎቹ በታች እየተሳበ መጣ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እህቴ እዚያ ማዶ መድኃኒቷን እየጠበቀች ነው። ጥቅሉን መሬት ላይ ዘረጋሁና የመጀመሪያውን ብሎን ያዝኩ።

ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ንፋሱ የፈታሁትን ሁሉ አሸዋ ሊያለብስብኝ ይፈልጋል። በዚህ መሃል ኮቴ ሰማሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ዓይናቸው ብቻ እየታየ መጡ። "ማል ታቴ?" አሉኝ፤ ምን ሆነሽ ነው ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው።

"ባልሽ ነው?"

"የእህቴ ባል ነው፣ እማማ።"

"ጥሎሽ ሄደ? እዚህ?"

"ሄደ።"

አይሱዙው ወደሄደበት አቅጣጫ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ አጭርና የተሟላ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ፈረሳቸውን አዙረው ከንፋሱ ጋርደው አቆሙልኝ። የፈረሱ ሆድ ሙቀት ፊቴ ላይ ይመጣ ነበር፤ ላብና እርጥብ ሣር ይሸታል።

ካንዴላውን ፈታሁት። ጥላሸት ብቻ ሳይሆን እርጥብ ጥላሸት ነበር። ቀጥዬ የአየር ማጣሪያውን ከፈትኩ። ስፖንጅ መሆኑ ቀርቶ የጭቃ ጥፍጥፍ ሆኗል፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ እጅ ነክቶት አያውቅም። አየር በሳሳበት አናት ላይ እንዲህ ታፍኖ እዚህ ድረስ መውጣቱ ራሱ ተአምር ነው። ጥፍጥፉን አውጥቼ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ምድሩ በጉም ረጥቧልና አቧራ የለም፣ ያለ ማጣሪያ ቀስ ብሎ ይደርሳል ብዬ ቆረጥኩ። ካንዴላውን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ በቀሚሴ ጠርዝ አደረቅሁት። የኋላውን ጎማ ብሎን አላልቼ የረገበውን ካቴና ሳብኩት። የኋላ ፍሬኑን ጠበቅ አደረግሁ፤ የሚጠብቅ ነገር ብዙ አልቀረውም ነበር። ዘይቱን ሳየው ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። ሬንጅ ነው፤ እሱም ታች ወርዷል።

"ይነሳል?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"ኢንሻአላህ።"

በሁለተኛው ርግጫ ተነሳ። ፈረሱ በርግጎ ወደ ጎን ዘለለ፤ ሴትዮዋ ሳይወድቁ ሳቁ። "ጀባዹ!" ብለው በርቺ አሉኝና ወደ ጉሙ ገቡ።

ከሜዳ ውጭ ነድቼ አላውቅም ነበር። ሳነቴን በሁለተኛ ማርሽ ጨረስኩት። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሬኑን ስላላመንኩት ወደ አንደኛ አወረድኩና ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ አደረግሁ፤ አባቴ ሜዳው ላይ፣ "ቁልቁለት ላይ በማርሽ ነው የሚወረደው" እያለ ያሰለቸኝ እንደነበረው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጫካው ገባ። ዛፎቹ ላይ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፣ ውኃ ይንጠባጠባል፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። እየዘመርኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም፣ አፌ ክፍት ነበር።

መንደሯ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጌው ገባሁ።

የእህቴ ባል ጃኬቱን እንደለበሰ እሳት ዳር ተቀምጦ ገንፎ ይበላል። በኋላ እንደሰማሁት ገንፎው ጎረቤት ለበሽተኛዋ ያመጣችው ነበር። እህቴ አልጋው ላይ፣ ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ተኝታለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ... ጎባ አይደለሽም እንዴ?" አለች።

"ጎባ?"

"ጎባ አክስታችን ጋ አድራ ነገ ትመጣለች ብሎኝ።"

ሰውየው የጎረሰውን ዋጠ። እጆቼን አየ፤ እስከ ክርኔ ጠቁረዋል። ውጭ ያለውን ሞተር በበሩ ክፍተት አየ። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ?

"ተነሳ አይደል? እኔ ምንም የለውም ብዬሽ ነበር እኮ!"

እህቴ እኔን እንጂ እሱን አላየችም። "የት ነበርሽ?" አለችኝ።

"ሳነቴ ላይ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እኮ..." ብሎ ጀመረ። እህቴ እጇን ብቻ አንስታ አቋረጠችው። መድኃኒቷን ሰጠኋት፣ ውኃ ደገፍ አድርጌ አጠጣኋት።

ትኩሳቱ በረድ እስኪል ጥቂት ቀናት ወሰደ። ባልየው ጠዋት "ለንግድ" ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፤ በመካከሉ ዓይኑን ከእኔ ይሸሽጋል። እህቴ ከአልጋዋ መነሳት ስትጀምር ጋቢዋን ተከናንባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔም ግቢው ውስጥ ጆንያ አነጠፍኩ። መኪኖች ከሚቆሙበት ሱቅ ዘይት ገዛሁ። አሮጌውን ስከፍተው አልወርድ አለ፤ በእንጨት ነካ ነካ አድርጌ ነው ያወጣሁት።

"ይሄ ዘይት ነው?" አለች እህቴ አንገቷን አስግጋ።

"ነበር።"

"ይህን ይዞ ነው ሲነዳው የነበረው?"

ተነስቼ ወገቤን ይዤ፣ ትከሻዬን እያንቋቋሁ፣ "ዘይት ካላለቀ ለምን ይቀየራል?" አልኳት። እህቴ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደረቷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳችና ጆንያው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። የጥርስ ብሩሹን አንስታ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከረችው።

"ራስሽን ያምሻል" አልኳት።

"ይመመኝ" አለች። ካቴናውን እየፈተገች ብዙ ቆየች። ስፖንጁን አጥቤ አጥሩ ላይ ሰጥቼ ስመለስ ቀና ሳትል፣ "ሁለት ሰው ጭኖ ሳነቴን ይወጣል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አሁን ይወጣል" አልኳት።

በሄድንበት ጠዋት ሰውየው በር ላይ ቆሞ ነበር። እህቴ ትንሽ ጓዟን በጀርባዋ አዝላለች። የፕላስቲክ አበባውን ከመሪው ፈትታ አጥሩ ላይ፣ እንዳይወድቅ አስተካክላ ሰካችው። ይለምናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ይቅርታ ይላል፣ ወይም ደግሞ ይቆጣል፣ ወይም ቢያንስ መቼ ትመለሻለሽ ይላል ብዬ ነበር። ግራ ቀኝ አየና፣

"ሞተሩስ?" አለ።

እህቴ፣ "አባቴ ነው የገዛው" አለችው።

"እኔ በምን ልሄድ ነው?"

"በአይሱዙ" አልኩት። ሌላ መልስ ለማሰብ ዓመት ቢሰጠኝም ከዚህ የተሻለ አላገኝም ነበር።

እስከ ሳነቴ አናት ድረስ እህቴ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አድርጋ መጣች። ትተንፍስ ታልቅስ አልጠየቅኋትም። እናቴ ጋ ገባን። ባልየው ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ሚስቱ ጀምረው ስለ ሞተሩ ጨረሱ። እናቴ ራሷ፣ አማች ልጅ ነው ያለችው እናቴ፣ በሩን ከፍታ ሸኘቻቸው።

ሞተሩን ለዓመታት እኔ ነዳሁት። እህቴ በኋላ ጎሮ አንድ ዝምተኛ ባለሱቅ አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር የዚያን ሰውዬ ነገር አነሳ ነበር፤ አረማመዱን፣ መነጽሩን፣ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ የተሰናበተኝን። እየጨመርኩም አወራው ነበር። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የሁለታችን ጨዋታ ነበር፤ ሌላ ሰው አይገባውም።

ካቻምና ኩላሊቷ ደከመ። ከመሞቷ በፊት በነበሩት ቀናት እኔ ነበርኩ የማስታምማት። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ውጭ እየተጫወቱ ሳለ፣ "እስቲ ስለዚያ ሰውዬ አውሪኝ" አለችኝ። አወራኋት፤ እንደ ወትሮዬ አድርጌ። ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነባትና ውኃ አጠጣኋት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ያኔ ጫካ ውስጥ ታምሜ ሳለሁ" አለች፣ "አንቺ ሳትመጪ በፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ እግሬን ሲያሽልኝ ያድር ነበር። እግሬን በጣም ይቀዘቅዘኝ ስለነበር። አንድ ቀን ደከመኝ ሳይል።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ስታሾፊ ደስ ይለኝ ነበራ" አለች።

አፌ ላይ የተዘጋጀ ነገር ነበረኝ፤ ለዚያ ሰውዬ ሁልጊዜም የተዘጋጀ ነገር አለኝ። አላልኩትም። እጄን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብቼ እግሯን ፈለግሁ። በረዶ ነበር። በሁለት እጄ ያዝኩትና እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አሸሁላት።